ልጅ የሚጠነክረው ማንሣት በሚችለው ሸክም ነው

ሰሞኑን ብዙ የሐዋሳ ወላጆች በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ከትምህርት ቤት ወላጆች ቡድን አልፎ የዕድር ቡድን ድረስ ደርሷል፤ ከሥሩ የሚሰፍረው አስተያየትም አብዛኛው «እውነት ነው» የሚል ነው። ጸሐፊው በክፋት አልጻፉትም፤ ለልጆች መጨነቃቸው ከየአንቀጹ ይታያል። ይሁን እንጂ ምክራቸው ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ቢውል ሊያድኑት የፈለጉትን ልጅ ይጎዳል ብዬ ስለማምን በየነጥቡ መልስ መስጠት ይገባል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የቀድሞው ትውልድ ተገርፎና ተቸግሮ ስላደገ ጠነከረ፤ የዛሬው ታዳጊ ስላልተቀጣ ጥቂት ቁጣ ይሰብረዋል። ዓይን አፋር ልጅ በሰው ፊት ተገፍቶ ይውጣ፣ ይለምደዋል። ምስጋና ልጅን ያበላሻል፣ ከእኩያ ጋር ማወዳደር ግን እልህ ያስይዛል። በራስ መተማመን የሚመጣው ከትምህርት ውጤት ስለሆነ ልጁ ሌላውን ሁሉ ትቶ ይማር። ስልክ የችግሩ ሁሉ ሥር ነው፣ ይነጠቅ። ስለ ስሜት ማውራት ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ «ጭንቀት» እና «ድብርት» የሚባሉትም ለስንፍና የወጡ አዲስ ስሞች ናቸው።

በአንድ ትልቅ ነገር ትክክል ናቸው፤ ልጅን ከችግር ሁሉ መከለል ያዳክመዋል። የስምንተኛ ክፍል ልጁን የቤት ሥራ ቁጭ ብሎ የሚሠራ አባት፣ ልጇ ከጓደኛዋ ጋር ስትኳረፍ ወዲያው ለጓደኛዋ እናት የምትደውል እናት፣ ሳያውቁት «አንተ ብቻህን አትችልም» እያሉ ነው። እዚህ ድረስ አብረን ነን። የምንለያየው ከዚህ ተነሥተው ወደ ዱላና ወደ ዝምታ ሲሄዱ ነው።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ተረት የክርክራቸው ምሰሶ ነው። «ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» የሚለው ምስክርነት ግን ጎደሎ ነው፤ የሚመሰክረው ሰው የሆነው ብቻ ነውና። ዱላ ፈርቶ ከትምህርት የቀረው፣ ከቤት ጠፍቶ ጎዳና የወጣው፣ ዛሬም አባቱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልቡ የሚርደው ሰው ከጽሑፉ ሥር «እውነት ነው» ብሎ አልጻፈም። ደግሞስ ያ ትውልድ ያየው ዱላ ብቻ ነው ወይ? በሰባት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፤ በዐሥር ዓመቱ ገበያ ይላካል፤ ሲመታ ጎረቤት ሮጣ ገብታ ታስጥለዋለች፤ አያት ጓዳ ትሸሽገዋለች። ጥንካሬው የመጣው ከዱላው ይሁን ከሥራውና ከሰዎቹ ጽሑፉ አልጠየቀም።

ጥያቄው ግን ተጠንቷል። ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሃዋይ ውስጥ በካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለዐሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤት ውስጥ ጠብ መካከል ካደጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁና ለሰው የሚያስቡ አዋቂዎች ሆኑ። መከራውን ሁሉም ቀምሰውታል፤ ስለዚህ መከራው አይደለም የለያቸው። የበረቱት ግን ቢያንስ አንድ የሚወዳቸውና የማይለዋወጥ ትልቅ ሰው ነበራቸው፤ አያትም ትሁን፣ አክስትም፣ አስተማሪም። ከዚያም በላይ ቤተሰቡ የምሩን የሚፈልገው የሥራ ድርሻ በእጃቸው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከማርቲን ሴሊግማን እና ስቲቨን ሜየር የ1967 እ.ኤ.አ. ሙከራ ይመጣል። ሁለት የውሻ ምድቦች እኩል መጠን ያለው የኤሌክትሪክ ንዝረት ደረሰባቸው። የመጀመሪያው ምድብ በጭንቅላቱ ሰሌዳ ሲገፋ ንዝረቱ ይቆምለታል፤ ሁለተኛው ምንም ቢያደርግ አይቆምለትም። በኋላ በቀላሉ ዘልለው ሊያመልጡ ወደሚችሉበት ሣጥን ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ አመለጡ፤ ከሁለተኞቹ አብዛኞቹ ግን ተኝተው ተቀበሉት። ሁለቱ ሊቃውንት ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ የራሳቸውን ትርጓሜ አረሙ፦ እጅ መስጠት ለረዥም መከራ የሚሰጥ የተፈጥሮ ምላሽ ነው፤ በትምህርት የሚገኘው «በእጄ ነው፣ ማቆም እችላለሁ» የሚለው እውቀት ነው። ዱላ ልጁ ሊያቆመው የማይችል መከራ ነው። ሊያመልጥበት የሚችለው አንድ መንገድ ውሸት ነው፤ እርሱን በሚገባ ይማራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ የደነገገው እንዲያው ለስላሳነት አይደለም።

ታዲያ በዱላ ፈንታ ምን ይተካ? የተመጠነ፣ የልጁ የራሱ የሆነ ችግር። ለምሳሌ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ለቤቱ ዓሣ የመግዛት ኃላፊነት ይሰጠው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አብራችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ፤ ትኩስ ዓሣ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ መሆኑን አሳዩት፤ ዋጋውን እናንተ ተከራከሩ፣ እርሱ ይስማ። በሁለተኛው ሳምንት እርሱ ይምረጥ፣ እርሱ ይከራከር፤ እናንተ ዐሥር እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። በሦስተኛው ገንዘቡን ቆጥራችሁ ስጡትና ብቻውን ይሂድ፤ ሲመለስ ሒሳቡን በወረቀት ያስረክብ።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ልጁ ተወዶበት ገዝቶ ይመጣል፤ እናት «በዚህ ዋጋ! ምነው እኔ በሄድኩ» ትላለች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ «ሌላ ሰው ላኩ» ይላል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው አባባል ስንት ልጅ ከቡሖው አርቆ እንዳስቀረ ይታሰብ። ለመጀመሪያው ራት አይበቃ ይሆናል፤ ያላቦካ ልጅ ግን ለዘንድሮም ለከርሞም አይበቃም። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ሻጭ ጠየቅህ? በሚቀጥለው ምን ትለውጣለህ?» ነው። የጠፋው ጥቂት ብር የትምህርት ክፍያ ነው። የሠራውን ደግሞ ከኋላው አትድገሙት፤ ያጠበውን ሰሃን እያየ መልሶ ማጠብ ከስድብ ይከፋል።

ዓይን አፋሩን ልጅ ገፍቶ ስለ ማውጣት የተጻፈው ግማሽ እውነት አለው። ፍርሃት በመሸሽ አይለቅም፤ ከፈሩት ነገር በራቁ ቁጥር ይገዝፋል። ነገር ግን ሐይቅ ዳር ዋና የሚያስተምር ሰው ልጁን ከጥልቁ አይወረውረውም፤ ከቁርጭምጭሚት፣ ከጉልበት፣ ከወገብ እያለ ያስገባዋል። ክፍል ውስጥ መናገር ለምትፈራ ልጅም መንገዱ ይኸው ነው። የምትፈራቸውን ነገሮች ራሷ ትዘርዝርና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 የፍርሃት ነጥብ ትስጥ። አንድ ገጽ ለታናሽ ወንድሟ ጮክ ብሎ ማንበብ 2 ሊሆን ይችላል፤ ሱቅ ገብቶ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት 3፣ ከክፍል በኋላ መምህሩን አንድ ጥያቄ መጠየቅ 5፣ መልሱን እርግጠኛ በሆነችበት ጥያቄ እጅ ማውጣት 7፣ ብቻዋን ቆማ ማቅረብ 9። ከ3 ወይም ከ4 ትጀምር። አንዱን ደረጃ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ትድገመው፤ ነጥቡ በግማሽ ሲወርድ ወደሚቀጥለው ትለፍ። በወር አንዴ መሞከር አይሠራም፤ በመካከሉ ፍርሃቱ ተመልሶ ያድጋል። ዋናው ጥንቃቄ ደግሞ ልቧ እየመታ ሳለ አቋርጣ እንዳትወጣ ነው፤ ያኔ የሚቀርባት ትምህርት «ያተረፈኝ መሸሼ ነው» የሚል ይሆናል። ቆይታ ፍርሃቱ በራሱ ሲበርድ ካየች ግን ያንን ማንም አይነጥቃትም። በዕንቁላሉ ተረት የተባለው «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ሥራው ይህ ነው።

ስለ ምስጋና ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ ትክክል ናቸው፤ መደምደሚያቸው ግን ስቷል። ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች እንቆቅልሽ ከፈቱ በኋላ ገሚሶቹ «ብልህ ነህ»፣ ገሚሶቹ «በርትተህ ሠርተሃል» ተባሉ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ መጥቶ ሁሉም ወደቁ። ከዚያ በኋላ ብልህ የተባሉት ውጤታቸው ቀነሰ፣ ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ጨመረ። ያገኙትን ነጥብ ለማያውቁት ልጅ ጻፉ ሲባሉ ብልህ ከተባሉት 40 በመቶ ገደማ ከፍ አድርገው ጻፉ። ስለዚህ «ጎበዝ፣ አንደኛ ነህ» እያሉ መደርደር በእርግጥ ይጎዳል፤ ልጁ የተሰጠውን ስም እንዳያጣ ከባድ ነገር ይሸሻል። ከዚህ ተነሥቶ ምስጋናን መከልከል ግን ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ጨውን ከቤት ማጥፋት ነው። የሚጠቅመው ምስጋና ያደረገውንና ያደረገበትን መንገድ ይጠራል፦ «ሦስት ጊዜ አልመጣ ሲልህ አራተኛውን ሥዕል ሥለህ ሞከርከው»፣ «ተናድደሽ ሳለ ወጣ ብለሽ ተመለስሽ እንጂ እህትሽን አልሰደብሻትም»። በቀን አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ግን» የሚል ማያያዣ አታስከትሉበት፤ ልጁ የሚሰማው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ማወዳደርን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «የእከሌን ልጅ አታይም?» የተባለ ልጅ እልህ ቢይዘውም እልሁ በእከሌ ልጅ ላይ ነው፤ በሒሳቡ ላይ አይደለም። ማወዳደር የግድ ከሆነ የዘንድሮውን ልጅ ከአምናው ከራሱ ጋር አወዳድሩት።

በራስ መተማመን የሚመጣው ከውጤት ብቻ ነው የሚለው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የልጅ ክብር በዚህ ቁጥር ላይ ብቻ ከቆመ፣ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶው ልጅ ዘጠና ሁለቱ ያህል ክብር የላቸውም ማለት ነው። ማንም ወላጅ ይህን አያምንም፤ ውጤት በወጣበት ሌሊት ግን ብዙ ቤት ውስጥ የሚነገረው ይኸው ነው። ሌላም ነገር አለ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብዙ ልጆች ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየተላኩ ዶርም ማደር ጀምረዋል። «አንተ ብቻ አጥና» ተብሎ ካልሲውን አጥቦ የማያውቅ፣ ከቤቱ ውጭ አንድ ሌሊት አድሮ የማያውቅ ልጅ፣ የፈተና ካርዱንና ልብሱን ራሱ እየጠበቀ፣ ከማያውቃቸው ጋር ተኝቶ፣ ጠዋት ተነሥቶ ሊፈተን ነው። ከፈተናው ወራት በፊት ልብሱን ራሱ ማጠብ፣ ሻንጣውን ራሱ መሸከፍ፣ ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር የጥናቱ ክፍል ሊሆን ይገባል።

ውጤት ሲበላሽስ? በዚያው ቀን ምክር አይሰጥ። ይብላ፣ ይተኛ። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የፈተና ወረቀቱን አብራችሁ አውጡና የተሳሳተባቸውን ሦስት ቦታ መድቡ፦ ጭራሹን ያላወቀው፣ እያወቀ በችኮላ የሳተው፣ ሰዓት አልቆበት ያልደረሰበት። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። ላላወቀው ምዕራፉን እንደገና መማር፤ ለችኮላው መልስ ከማጥቆር በፊት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ የማንበብ ልምምድ፤ ለሰዓቱ በየሳምንቱ በሰዓት የተገደበ ፈተና። ብዙ ወላጅ ሦስቱንም «አላጠናህም» በሚል አንድ ቃል ስለሚጠቀልላቸው፣ በችኮላ የወደቀው ልጅ የሚያውቀውን ምዕራፍ ሲደግም ይከርማል፤ ሲወድቅም «በቃ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል።

ስልኩን በተመለከተ በሌሊቱ ላይ እስማማለሁ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚገፋ እንቅልፉ በራሱ ዘግይቶ ይመጣል። ለ2 ሰዓት ትምህርት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት። ስለዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትና የእናት ጭምር፣ ሳሎን ይሞላ። ደንቡ ልጁን ብቻ የሚመለከት ከሆነ ሳምንት አይቆይም። መንጠቅ ግን ሌላ ነው። ያስፈራራው ሰው ወይም የወጣበት ፎቶ ቢኖር፣ ስልኩን እንዳይነጠቅ የሚፈራ ልጅ ለእናቱ አይናገርም፤ ከሁሉም ይልቅ ሊናገር የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ስለ ስሜት ማውራት የውጭ ነው የሚለው፣ የገዛ ባህላችንን ይረሳል። እንጉርጉሮ ምንድነው? ሙሾስ? ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጠን ሐዘንተኛውን «አልቅስ፣ ይውጣልህ» የምንለው ለምንድነው? በሲዳማ ነገር ሲነሣ «አፊኒ?»፣ ሰማችሁ ወይ፣ ተብሎ ሁሉም ተሰምቶ ነው ወደ ፍርድ የሚኬደው። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን፤ ጎኑ ደግሞ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል አለ። ለአዋቂ የፈቀድነውን ለ15 ዓመት ወንድ ልጅ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለን ከለከልነው እንጂ ነገሩ የራሳችን ነው።

የሚከብደው እንዴት እንደሚወራ ነው። ጎረምሳን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ምን ሆነሃል?» ማለት መርማሪ ፊት እንደ ማቅረብ ነው፤ መልሱ «ምንም» ነው። ጎን ለጎን ሲሆን ይቀላል፦ አመሻሽ ላይ በፍቅር ሐይቅ በኩል እየተራመዱ፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ ቡና ሲፈላ። ቡናው ላይ ታዳጊውን ፈንዲሻ ለማቅረብ ብቻ አትጥሩት፤ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጥ። ሲናገር ያያችሁትን ስሜት ስሙን ጥሩለትና ዝም በሉ፦ «ከቡድኑ ሲያስወጡህ ተዋርደሃል መሰለኝ።» ለስሜት ስም መስጠት ራሱ ያበርደዋል። ከዚያ በፊት መፍትሔ አታቅርቡ፤ «ምክር ትፈልጋለህ ወይስ ልስማህ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁት። በጣም በተናደደ ሰዓት ንግግር አይገባም፤ አራት እየቆጠሩ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠሩ ወደ ውጭ ለአምስት ደቂቃ መተንፈስ ይረዳል፤ ረጋ ባለ ቀን አስቀድሞ ከተለማመደው ግን ነው።

«ድብርት የስንፍና ስም ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ግን ሊታረም ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት ነው፤ አብዛኞቹም ሳይታወቁና ሳይታከሙ ይቀራሉ። ሰነፍ ልጅ የማይወደውን ትቶ የሚወደውን ያደርጋል፤ የታመመ ልጅ የሚወደውንም ይተዋል። ኳሱን፣ ጓደኞቹን፣ ምግቡን ከሁለት ሳምንት በላይ ከተወ፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» የሚል ቃል ከወጣው፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ፣ ወይም ሰውነቱን የሚጎዳበት ምልክት ከታየ፣ በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻውን የተሸከመውን ያካፍለዋል። «አዎ» ካለ አትቆጡ፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብቻውንም አትተዉት። የፀረ ተባይ መርዝና መድኃኒት ከቤት አውጡ ወይም ቆልፉ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ «ሪፈራል» ወደምንለው ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙ ሳይል እንዳያቋርጥ፣ ለንስሐ አባቱም፣ ለኢማሙም፣ ለፓስተሩም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።